የባሕሯ ልጅና የዕድሩ ሳንቃ

የዋና ልብሷ ቢጫ ነበር። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ነጭ ነው ብዬ ኖሬ፣ ሚኒሶታ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካለው ክሊኒክ ቁጭ ብዬ የጉልበት ሐኪሜን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ቢጫ መሆኑን አሳየኝ። ባሕሩ ሰማያዊ፣ ፀጉሯ እንደ ተነጠረ ቅቤ። እኛ ያየናት በጥቁርና ነጭ ነዋ! የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘግቶ ከታች ጽሑፍ ይሮጣል፤ ከተቀመጠው በሽተኛ ሁሉ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። እኔ ግን ገና ሩጫዋን ሳይ አወቅኋት። ሳንቃዋን በብብቷ ሥር ይዛ፣ እግሯ አሸዋውን እየረጨ፣ አንድም ቀን እንደ ሰው ሳትራመድ ወደ ውኃው የምትሮጠው እሷው ናት። ሳላስበው ብድግ አልኩ። ጉልበቴ ጮኸ፤ ይጩኽ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሱመያ ናት፤ የልጄ የካሚል የመጀመሪያ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ወደ ሐኪም ቤት እየነዳች የምታመላልሰኝ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ ሆነን ዓመታት ተግባብተናል። ይቺን ልጅ አውቃታለሁ አልኳት። ከስልኳ ቀና አለችና ትንሽ አይታ ሳቀች። «እማማ፣ ኢትስ ፌክ» አለችኝ። ምኑ ነው ፌክ? ስላት ተነስታ በጣቷ እየጠቆመች አስረዳችኝ። ከሩቅ ማዕበሉ ላይ የሚታየው ሌላ ሰው ነው። ፊቷ ቀርቦ ሲመጣ ግን ልጅቷ ቤት ውስጥ ናት፤ ከኋላዋ ስክሪን ተወጥሮ የባሕር ፊልም ይታይበታል፣ እሷ ሳጥን ላይ ቆማ ትወዛወዛለች፣ ከጎን አንድ ሰው በባልዲ ውኃ ይረጫል። ፀጉሯን እዪ አለችኝ። አየሁ። ከዚያ ሁሉ ማዕበል የወጣች ልጅ ፀጉሯ እንኳ አልረጠበም።

ተመልሼ ስቀመጥ ደሜ ፈላ። እኔ ለዚች ልጅ ብዬ ከትምህርት ቤት ወጥቻለሁ። ለዚች ልጅ ብዬ ሰፈር ሙሉ ስም አውጥቶልኛል፣ አባቴ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቷል። እሷ ለካ እግሯን እንኳ አላራሰችም! ስሜ ተጠርቶ ሐኪሙ ዘንድ ስገባ ንዴቱ አብሮኝ ገባ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ በሚመጣው ጁላይ ቀኝ ጉልበቴን ከፍቶ አርቴፊሻሉን እንደሚያስገባ ነገረኝ። ውኃ ላይ፣ በሳንቃ፣ መቆም እችላለሁ ወይ በይልኝ አልኳት ሱመያን። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ መራመድና ደረጃ መውጣት እንደምችል፣ እንደዚያ ያለውን ግን እንደማይመክረኝ፣ ከወደቅኩ የገባው ነገር ሊበላሽ እንደሚችል ነገረኝ። ከኦፕራሲዮኑ በፊትስ? አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። እንግዲህ የኔ ነገር ይኸው ነው። ጁላይ ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ውኃ ላይ ቀጥ ብዬ መቆም። የቀረው ሁሉ ጨዋታ ነው።

ድሮ ጥሩ ነበር የሚሉኝን ሰዎች አልወድም። በየሠርጉ፣ በየለቅሶው አንድ ጥግ ይዘው «ያ ዘመን!» እያሉ ሲያለቃቅሱ ተነስቼ እሄዳለሁ። ድሮ ጥሩ አልነበረም። ሳንቡሳ ግን አምስት ሳንቲም ነበር፤ ይህን አልክድም። ምስሩ ከላይ እስከ ታች የሞላ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሰጥ፣ ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ መዳፍ የሚያቃጥል። ሰፈራችን ከመርካቶ ቁልቁል ወንዙ ዳር ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ጨርቅ ተራ፣ ማዕዘኑ ላይ ሸክላ ቤቱ፣ በሩ ላይ እንደ ጎተራ አፍ የተከፈተ ድምፅ ማጉያ። ባለቤቱ አንዱን ዘፈን ከወደደው ቀኑን ሙሉ ያንኑ ነው የሚያስጮኸው፤ ሰፈሩ ወደደም ጠላም ግጥሙን ይዞ ያድራል። ጎረምሶቹ ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ መንገዱን ይጠርጋል፣ አፍሯቸው በበር አያስገባም። ኮረዶቹ ጉልበታቸውን ያሳያሉ። የኔ ቀሚስ ብቻ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ አባቴ ጨርቁን ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ለክቶ፣ ልብስ ሰፊው ላይ ቆሞ ነው ያሰፋው። እኔ ደግሞ ሸንተረሩን ዞር እንዳልኩ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሁለት ጊዜ እጥፈው ነበር።

በግቢያችን ቴሌቪዥን የነበራቸው እትዬ አስካለ ብቻ ናቸው። ባላቸው የአንድ ፈረንጅ ሾፌር ነበሩ፤ ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ቴሌቪዥኑን ለሳቸው ትቶላቸው ሄደ። የራሱ ቁም ሳጥን ነበረው፤ በር ያለው፣ ቁልፍ ያለው፣ ከላይ ዳንቴል የለበሰ። ቅዳሜ ወደ ማታ ላይ እትዬ አስካለ በሩን ሲከፍቱ እኛ ልጆች ደጃፉ ላይ ተሰልፈናል። ሕጉ አንድ ነው፤ እግሩን ያልታጠበ አይገባም። ልጃቸው ሙሉ በማንቆርቆሪያ ታፈስሳለች፣ እኛ አንድ እግር እያነሳን እንታጠባለን፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ በቁመታችን ተራ እንቀመጣለን። ትልልቆቹ ሴቶች ከኋላ በርጩማ ላይ ናቸው። ሙሉ የልብ ጓደኛዬ ናት፤ እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፣ አንድ ክፍል አንድ ወንበር። እንግሊዝኛችን ተደምሮ ሃያ ቃል አይሞላም። ስለዚህ የልጅቷን ታሪክ እኛው ነን የሠራነው።

እንደኛ አተረጓጎም ልጅቷ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ባሕር ዳር ያለ ትንሽ ሆቴል ውስጥ ታገለግላለች፣ ባለቤቲቱ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ትጮኽባታለች፤ ልጅቷ ደግሞ አንሶላ አጠፍኩ ብላ በመስኮት ሾልካ፣ ሳንቃዋን ይዛ ባሕሯ ትወርዳለች። የግቢው ሠራተኞች እንዴት ይወዷት እንደነበር! አንዷ፣ ልጅቷ በመስኮት በወጣች ቁጥር «እሰይ የኔ አንበሳ!» እያለች ታጨበጭብ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ሱመያ ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ አንብባ ስትነግረኝ፣ ባለ መነጽሯ አሠሪ ሳትሆን አክስቷ ናት። የምትጮኸውም ቁርስ ብይ እያለች ነው። ይሁን። ወላሂ የኛው ታሪክ ይሻላል። ቁርስ ብይ ከምትል አክስት ያመለጠችና ከጌታ ቤት ያመለጠች አንድ አይደሉም፤ እኔ የተከተልኩት ሁለተኛዋን ነው።

ክረምቱ ሲገባ ትምህርት ተዘጋ፣ እኔና ሙሉ ሥራ ጀመርን። ሥራችን መቆም ነበር። ከግቢው ጀርባ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በጎኑ እናጋድማለን፣ እላዩ ላይ ጣውላ እናደርጋለን፣ እየተፈራረቅን ቆመን እንንከባለላለን። የእትዬ አስካለን የልብስ መተኮሻ ጣውላ ለሁለት ሰበርነው፤ ሙሉ በኩርኩም ከፈለች። እኔ ከሷ እሻል ነበር። ክንዴን ዘርግቼ፣ ጉልበቴን ሰበር አድርጌ፣ ቆርቆሮው እስከ አጥሩ ደርሶ እስኪመለስ አልወድቅም። ያኔ ጉልበቴ ጉልበት ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ወንዛችን ሞላ፤ በበጋ ልብስ ማጠቢያ እንኳ የማይበቃው ውኃ ከድንጋዮቹ በታች ተኝቶ ሰፊ ኩሬ ሠራ፣ ቀለሙ ሻይ በወተት። ውኃ አለ፣ እኛ አለን፤ የጎደለው ለውኃ የሚሆን ሳንቃ ብቻ ነበር።

አባቴ የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ስኒው በሱ እጅ ነው፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ከወገቡ አይለይም፣ ለሶላት ሲቆም እንኳ ይቃጨላል። ይህን አደራ ከማንኛውም ነገር አስበልጦ ይወደው ነበር። ድሃ ነው፣ ጨርቅ ተራ የሰው ሱቅ ጠባቂ ነው፤ ሰው ሲሞትበት ግን ባለሱቁም ባለመኪናውም መጥቶ የሚያንኳኳው የሱን በር ነው። ከዓመት አንድ ጊዜ መጋዘኑን ስናጸዳ ያየሁት አንድ ሳንቃ ነበር፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሰፊ፣ አንዱ ጫፉ ክብ ሆኖ የተላገ፣ ከመታጠብ ብዛት እንደ ሳሙና የለሰለሰ። የወንበር መደገፊያ ወይም የወጥ መደርደሪያ መስሎኛል። ሴት ልጅ ጀናዛ ሲታጠብ አታይ፣ መቃብር አትሄድ፣ ከየት ልወቀው? ያቺ ልጅ በብብቷ የምትይዘው ቁርጥ እሱ ነው። አባቴ ለጁምዓ ሲታጠብ መታጠቂያውን ከነቁልፉ ምስማር ላይ ይሰቅላል። አርብ ዕለት ወሰድኩት።

እኔና ሙሉ ሳንቃውን ከፊትና ከኋላ ይዘን ቁልቁል ወረድን። መንገድ ላይ ያየን ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ አሳለፈን፤ ዝናቡ የበረታበት ሰው ነገር አይጠይቅም። ውኃው ቀዝቃዛ ነው። መጀመሪያ በሆዴ ተኛሁ፣ ተንሳፈፈ። በጉልበቴ ተነሳሁ፣ ተንሳፈፈ። ሙሉ ከዳር «ቁሚ!» ትለኛለች። አንድ እግሬን አቆምኩ። ሁለተኛውን ላነሳ ስል ከላይ ጩኸት መጣ፤ ቀና ብል ነጭ በነጭ የለበሱ ወንዶች ሸንተረሩን ይወርዳሉ፣ ከፊት አባቴ ነው፣ ባዶ እግሩን ነው። ያን ዕለት ጠዋት ከሰፈራችን ትልቁ በርበሬ ነጋዴ ሞተው ኖሯል። ሰዎቹ የሟቹን ገላ ሊያጥቡ መጥተው የሬሳ ማጠቢያውን ሳንቃ አጡት። ሟቹ ቤታቸው ተጋድመው ሳንቃቸውን ይጠብቃሉ፤ እኔ ቆሜበታለሁ። ቆሜበታለሁ አልኩ እንዴ? ልቆምበት ነበር። ደንግጬ ወደቅኩ፣ ሳንቃው ከእግሬ ሥር ሾልኮ ከኩሬው ወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ዳር ዳሩን እየሮጡ ተከተሉት። ድልድዩ ሥር ነው የያዙት። ከጁምዓ በኋላ ሊቀበሩ የነበሩት ሰውዬ የከሰዓቱ ሶላት፣ አሱር፣ አልፎ ተቀበሩ።

አባቴ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻል ነበር። በማግሥቱ እጄን ይዞ ሐዘንተኛዋ የሟቹ ባለቤት ዘንድ ወሰደኝ፤ ተንበርክኬ እግራቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ ከልቤ ነው፣ አለቀስኩም። ሴትዮዋ አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝና፣ ባሌ ሕይወቱን ሙሉ ለሰው ሲቸኩል የኖረ ነው፣ አንድ ቀን ቢዘገይ ምን አለበት፣ ልቀቋት አሉ። የለቀቀኝ የለም። እሑድ የዕድሩ ስብሰባ ላይ አቆሙኝ። ዳኛው ሐጂ ሙክታር የሚባሉ፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሰው ናቸው፤ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ብለው ጀመሩና ስለ ፈረንጅ፣ ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ዘንድሮ ልጅ ብዙ ተናገሩ። በመጨረሻ ሁለተኛ ውኃ ዳር ላልደርስ፣ ሁለተኛ ያንን ቴሌቪዥን ላላይ በሰው ፊት ማይ አሉኝ። ሁሉም አፌን ይጠብቃል፤ አባቴ መሬት መሬት ያያል።

«ስለ ሟቹ ይቅርታ ጠይቄያለሁ» አልኩ። «ስለ ውኃው ግን አልምልም።»

በዚያች አንድ አረፍተ ነገር ብዙ ነገር ተዘጋ። የመጋዘኑን ቁልፍ ከአባቴ ወገብ ፈትተው ለሌላ ሰው ሰጡ። መስከረም ሲጠባ ሙሉ ስምንተኛ ክፍል ገባች፣ እኔ ቤት ቀረሁ፤ ያበላሸሽ ትምህርት ቤት ነው አለኝ አባቴ፣ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር እስኪሞት አንስቶ አያውቅም። ሰፈሩ «ሳንቃዋ» አለኝ። ውኃ ልቀዳ ስሄድ ሳንቃዋ መጣች፤ ሠርግ ቤት ስገባ ሳንቃዋ ገባች፤ ሽማግሌ ሊልክ ያሰበ ሁሉ እሷማ የሬሳ ዕቃ ላይ የወጣች ናት እየተባለ ይመለሳል። እዚህ ላይ አልቅሼ ነበር ብዬ ላስለቅሳችሁ እችል ነበር፤ አላደርገውም። ከወሎ የመጣ ልብስ ሰፊ፣ ስሜን ሰምቶ፣ ታሪኩን ጠይቆ፣ ሆዱን ይዞ ስቆ አገባኝ። አላህ ይዘንለት፣ ጥሩ ሰው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ፣ ሌላው ሲለወጥ፣ እኛም ስንሰደድ ሚኒሶታ ደረስን፤ በመኪናው ታርጋ ላይ «አሥር ሺህ ሐይቅ» ብሎ ጽፎ የሚዞር ስቴት። ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ከጌት ጌት ስንቱን በሽተኛ፣ ስንቱን ኩሩ ሽማግሌ ገፋሁ መሰላችሁ! ጉልበቴን የበላው ያ ነው። በየቀኑ ባስ ውስጥ ሆኜ ሐይቆቹ ላይ ሳንቃ አድርገው ቀጥ ብለው ቆመው የሚቀዝፉትን ሰዎች አይ ነበር። ማየት ብቻ። አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም። መሐላ አልማልኩም፤ ግን እንደ ማለ ሰው ኖርኩ። ክሊኒኩ ውስጥ ያናደደኝ ለካ ይኸው ነው፣ የልጅቷ ፌክ መሆን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ክረምቱን ተዘጋጀሁ፤ የሚኒሶታውን ክረምት ማለቴ ነው፣ በረዶውን። ሴዳር ሪቨርሳይድ ከምኖርበት ፎቅ ትንሽ ራቅ ብሎ የዋና ገንዳ አለ፤ በሳምንት አንድ ቀን ለሴቶች ብቻ ነው፣ መስኮቱን በመጋረጃ ይሸፍኑታል። ከፀጉር እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ ልገዛ ከሱማሌዎቹ ሞል ሄድኩ። ቢጫ አለ? አልኳት ሻጯን። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ብቻ ነው ያለን፣ እናቴ፣ አለችኝ። ጥቁሩን ገዛሁ። ገንዳው ውስጥ አብዛኞቻችን ልጆቻችንን ዋና ልከን እኛ ያልገባን ሴቶች ነን፤ አንዷ የወለጋ፣ አንዷ የሐርጌሳ፣ ሁላችንም ዳሩን ይዘን እንጮኻለን። ጃንዋሪ ላይ ፊቴን ነከርኩ። ማርች ላይ በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ። ሜይ ላይ ዳሩን ሳልይዝ ገንዳውን አቋረጥኩ። ሱመያ ቪዲዮ አነሳችኝና ያሸነፈችው እሷ ይመስል ዘለለች።

ካሚል የሰማው ያኔ ነው። ልጄ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ፎርት ስኔሊንግ በኩል መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል፣ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ደውሎ መድኃኒት ወሰድሽ ወይ ይለኛል። ፍርሃቱ ግን እንደ አያቱ ነው። ቤቴ መጥቶ ሳይቀመጥ ጀመረ፤ ፎል ካደረግሽስ፣ ሂፕሽ ቢሰበርስ፣ ሰርጀሪው ካንስል ቢሆንስ። እውነቱን ነው፤ አንዱንም ሐሰት ነው አላልኩትም። ከዚያ ግን፣ ከመስጊድ የሚያውቁሽ ቢያዩሽ፣ ሐጅ ያደረግሽ ሴትዮ፣ «የሰው መሳቂያ ልትሆኚ ነው?» አለኝ።

«ካሚል» አልኩት፣ «የሰው መሳቂያ የሆንኩት አንተ ሳትወለድ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኩት፤ ቁልፉን፣ ወንዙን፣ በርበሬ ነጋዴውን፣ ሐጂ ሙክታርን። አያቱ ለምን ዕድሩን ተወ ሲባል አመመው እያልን ነበር ያሳደግነው። ሰማኝ፣ አንድ ጊዜ ሳይወድ ሳቀ፣ መጨረሻ ላይ ግን ያ ሌላ ይሄ ሌላ ብሎ ተነሳ። ሲወጣ ሱመያን ጠርቶ እኔን ወደ ሐይቅ በመኪና እንዳታደርስ ቃል አስገባት። ልጅቷ ቃሏን ጠበቀች። በጁን ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ለኦፕራሲዮኑ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ መኪናዋን ፓርክ እንዳደረገች ትታ በባስ ሄድን።

ሐይቁ ዳር ሳንቃ የምታከራየው ክንዷን ሙሉ የተነቀሰች ፈረንጅ ናት፤ የኔ እኩያ ባትሆን እንኳ ብዙ አታንስም። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ላይፍ ጃኬት አስራልኝ፣ ቦርሳዬን ጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጠችልኝ፣ አንድ ምክር ብቻ ሰጠችኝ፤ እግርሽን አትዪ፣ ራቅ ያለ ነገር እዪ አለች። ውኃው እስከ ወገቤ በሚደርስበት ሱመያ ሳንቃውን ያዘችልኝ። በሆዴ ወጣሁ። በጉልበቴ ልነሳ ስል ቀኙ እንቢ አለ፣ እንደ ጆንያ ወደቅኩ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ወደቅኩ፣ ውኃው በአፍንጫዬ ገባ፣ ዳር ላይ ፒክኒክ የተቀመጡ ሰዎች ተነስተው ቆሙ። ሱመያ ፈራች፣ እማማ ይበቃል አለች፤ በአማርኛ ነው ያለችው፣ እንግዲህ ምን ያህል እንደ ፈራች እወቁ። አይበቃም አልኳት። ሳንቃው ላይ ተደግፌ ረጅም ጊዜ አርፌ፣ ሦስተኛ ጊዜ ቀኙን ጉልበት ተውኩት፤ ግራ እግሬን አስቀድሜ፣ በእጄ ሳንቃውን ገፍቼ፣ ቢስሚላህ ብዬ ብድግ አልኩ።

ቆምኩ። ሐይቁ ማዕበል የለውም ካላችሁኝ፣ ኑና ቁሙበት። ሳንቃው ከሥሬ እንደ ሕያው ነገር ይላወሳል፣ ሁለቱም ጉልበቶቼ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከፊቴ ያለው የሕንፃዎቹ ጫፍ ቀስ እያለ ወደ ጎን ይሄዳል። ሱመያ ሳንቃውን ለቀቀችው፤ ብቻዬን ነኝ። ደስታ ነው የተሰማኝ፣ ሌላ ስም አልፈልግለትም፤ እንዲያውም ንዴት ያለበት ደስታ፣ ሃምሳ ዓመት ያዘገየኝን ሁሉ በስም እየጠራ የሚሰድብ ደስታ። ጮክ ብዬ «አልምልም!» አልኩ። በአማርኛ፣ ለማንም። ፒክኒኮቹ አጨበጨቡ።

ጭብጨባው መሐል የካሚልን ድምፅ ሰማሁ። ሱመያ የመጀመሪያውን አወዳደቄን በአንድ እጇ በያዘችው ስልክ ቀርጻ ለአክስቶቿ ልካላቸዋለች፣ እነሱ ለሱ አሳለፉለት፣ እሱ ከነዩኒፎርሙ በረረ። ዳሩ ላይ ቆሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እጁን ያውለበልባል። አባቴ ያንን ሸንተረር ሲወርድ ያየሁት ፊት ነው፤ አሁን ግን ደንግጬ አልወደቅኩም። ጉልበቴን ሰበር አድርጌ ያዝኩት።

«እማዬ፣ በቃ፣ ውረጂ!»

«ለምን?»

«ትወድቂያለሽ።»

«ሁለቴ ወድቄያለሁ። አልሞትኩም።»

«ሰው እያየሽ ነው።»

«ይየኝ።»

ጥቁር የሥራ ጫማውን ሳያወልቅ ውኃው ውስጥ ገባ። እየቀረበ ሲመጣ ሱሪው እስከ ጭኑ ረጠበ፣ ዩኒፎርሙ ላይ ያለው ባጅ ይወዛወዛል። ደርሶ የሳንቃውን ጫፍ ያዘ። ሊጎትተኝ ነው ብዬ ክንዴን ዘርግቼ ተዘጋጀሁ። አልጎተተኝም። እንዳይናወጥ ነው የያዘው፤ በሁለት እጁ፣ ደግፎ፣ ወደ ላይ ቀና ብሎ እያየኝ። ከታች ሲያየኝ ልጅ ይመስላል። ከዳር የተነቀሰችው ሴትዮ ሰዓቷን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አሳየችን፤ ሳንቃውን የተከራየንበት አንድ ሰዓት አልቋል። ካሚል እፎይ አለና ላውርድሽ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

«እጅህን ተወው» አልኩት። «ቦርሳዬ ሴትዮዋ ጋ ነው። ሂድና አንድ ሰዓት አስጨምርልኝ።»

ሱመያን አያት፤ ሱመያ ሰማዩን ታያለች። እኔን አየኝ። ቀስ ብሎ ሳንቃውን ለቀቀው፣ መቆሜን አረጋገጠ፣ ዞረና ጫማው ጯ ጯ እያለ ዳር ወጣ። ቦርሳዬን አልነካውም። ከራሱ ኪስ አውጥቶ ከፈለ።